‹ሰነፍ› የተባለው ልጅና ያልተተከለለት ካስማ

ከጋምቤላ ከተማ በኢታንግ አድርጎ ወደ ላሬና ጂካዎ የወረደ ሰው አመሻሹን ያውቀዋል። ከብቱ ከግጦሽ ሲመለስ የዘጠኝና የአሥር ዓመት ልጆች አብረው ይገባሉ። ላሟ በካስማዋ ትታሰራለች፤ ጥጃው ከእናቱ ይለያል፤ ትንኙን ለማባረር የደረቀ እበት ይጨሳል። ልጁ የትኛዋ የማን እንደሆነች፣ የትኛዋ እንደምትራገጥ፣ የትኛው ጥጃ ገና እንዳልጠባ ጠንቅቆ ያውቃል። ከመንጋው አንዲት ብትጎድል ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል። የኑዌር ቋንቋ የከብትን መልክና ቀለም ለመለየት ያለው የቃላት ብዛት ተመራማሪዎችን ሲያስደንቅ ኖሯል፤ ልጁ ግን ያንን ሁሉ በረት ውስጥ ተምሮታል።

በማግስቱ ጠዋት ያው ልጅ ክፍል ውስጥ ቆሟል እንበል። «ደብተርህስ?» «ረሳሁት።» «የቤት ሥራውስ?» «የቱ የቤት ሥራ?» ጓደኞቹ ይስቃሉ። መምህሩ ከዚህ በፊት ደጋግመው ነግረውታል፤ ትዕግሥታቸው አልቋል። ፍርዱም አጭር ነው፦ ሰነፍ። ነገ ወላጅ ይዘህ ና!

ከተማው ውስጥም ነገሩ ያው ነው። ባሮ ወንዝ ዳር ዓሣ የሚያጠምድ የአኙዋ ልጅ፣ ገበያ ላይ የእናቱን ንግድ የሚያግዝ ከደጋ የመጣ ቤተሰብ ልጅ፣ ከወንዙ ውሃ ቀድታ ታናናሾቿን የምትጠብቅ ልጅ፣ ሁሉም ሥራቸውን ሳያዛንፉ ይውላሉ። ትምህርት ቤት ሲደርሱ ግን ከእነሱ መካከል አንዳንዱ እርሳሱን ይጥላል፣ የጀመረውን ሒሳብ መሐል ላይ ይተዋል፣ የፈተናውን ቀን ያደባልቃል። ቤትም ክፍልም የሚሰጠው ማብራሪያ አንድ ነው፤ ልጁ ቢፈልግ ይችላል፣ ስላልፈለገ ነው።

ይህ ማብራሪያ በሦስት እግር የቆመ ነው። አንደኛ፣ መርሳት የፈቃድ ጉድለት ነው ይላል። ሁለተኛ፣ የፈቃድ ጉድለትን ቅጣት ያርመዋል። ሦስተኛ፣ ከቅጣት ውጭ ያለው እርዳታ ልጁን ያሞላቅቀዋል። ሦስቱም ሲመረመሩ አይጸኑም።

ከፈቃዱ እንጀምር። አንድን የቤት ሥራ ጀምሮ ለመጨረስ ልጁ መልሱን ማወቁ ብቻ አይበቃም። ትእዛዙን እስኪሠራው ድረስ በአእምሮው መያዝ፣ ጨዋታ ሲጠራው ራሱን መግታት፣ አንዱ መንገድ አልሆን ሲል ወደ ሌላው መዞር፣ ጊዜውን መገመት፣ የጨረሰውን ወረቀት ቦርሳው ውስጥ ማስገባት፣ በማግስቱም ማስረከብ አለበት። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን ራስን የመምራት ክህሎት ከእውቀትና ከብልህነት ለይተው ያዩታል። በዋናነት የሚመራው ከግንባር በስተጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ሲሆን እድገቱን የሚጨርሰውም ዘግይቶ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው። ስለዚህ በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ዘንድ ይህ ችሎታ ገና በግንባታ ላይ ነው፤ የሁሉም ልጅ ግንባታ ደግሞ በአንድ ፍጥነት አይሄድም።

እ.ኤ.አ. በ2007 ፊሊፕ ሾው የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ውስጥ ትኩረት የመሰብሰብ ችግር እንዳለባቸው የተረጋገጠ 223 ልጆችን፣ ችግሩ ከሌለባቸው ሌሎች 223 ልጆች ጋር በአንጎል ምስል አነጻጽረው ነበር። የአንጎላቸው ቅርፊት ውፍረት ጣሪያው ላይ የደረሰበት አማካይ ዕድሜ ችግሩ በሌለባቸው 7 ዓመት ተኩል፣ ችግሩ ባለባቸው ደግሞ 10 ዓመት ተኩል ሆኖ ተገኘ። የእድገቱ ቅደም ተከተል ያው ነው፤ የተለየው ፍጥነቱ ነው። ደብተሩን የሚረሳ ልጅ ሁሉ ይህ ችግር አለበት ማለት አይደለም። ነገር ግን አምስተኛ ክፍል የተቀመጠ ልጅ ራሱን በመምራት ረገድ ከሁለተኛ ክፍል ልጅ ጋር ሊመሳሰል እንደሚችል፣ ይህም ከስንፍና ጋር ግንኙነት እንደሌለው ይጠቁማል።

በዚህ ላይ ጋምቤላ የምትጨምረው ሸክም አለ። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። በክልሉ የአኙዋ፣ የኑዌርና የመዠንገር ልጆች የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ከፍ ሲሉ ደግሞ መማሪያ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይሆናል። ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ይዞ ሊሠራበት የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። «ገጽ 42 ላይ ካሉት ጥያቄዎች ጎዶሎ ቁጥሮቹን ብቻ ሠርታችሁ ሐሙስ አምጡ» የሚለውን ትእዛዝ በሦስተኛ ቋንቋው የሚሰማ ልጅ፣ ገና ቃላቱን ሲፈታ ያ ጥቂት ቦታ ይሞላበታል። ሐሙስ የሚለው ቃል የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም። በቃል ብቻ የተነገረ የቤት ሥራ ለዚህ ልጅ ውሃ ላይ እንደተጻፈ ነው።

ሁለተኛው ወባ ነው። ጋምቤላ ውስጥ ወባ ያልያዘው ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ኡጋንዳ፣ ካምፓላ ውስጥ ወባ አንጎላቸው ድረስ ዘልቆ የዳኑ ከ5 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ልጆችን ለሁለት ዓመት የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ውጤት፣ ከአራቱ የአንዱ ያህል ልጅ የአእምሮ ሥራ ጉዳት ከሁለት ዓመት በኋላም እንዳልለቀቀው ያሳያል። ጉዳቱ በይበልጥ የታየው ትኩረት ላይ ነው። ልጁ ከሆስፒታል ወጥቷል፣ ይሮጣል፣ ይጫወታል፤ እናቱም ፈጣሪዋን አመስግናለች። ክፍል ውስጥ ሐሳቡ ሲበተን ግን ያን በሽታ የሚያስታውስለት የለም።

ሦስተኛው ነገ የማይታመንበት ኑሮ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን ከ200 በላይ ሰዎች ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናትን ይዘው ሄዱ። ሰኔ 7 ቀን 2014 ደግሞ ጋምቤላ ከተማ ራሷ የውጊያ ሜዳ ሆነች። ክልሉ በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቆጠር 307,096 ነዋሪ ነበረው፤ ዛሬ በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በጄዊ፣ በፑኝዶና በሌሎቹ መጠለያዎች የሚኖሩት የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ብቻ ከ300 ሺህ ያልፋሉ። ከነሱ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ባሮ ሲሞላ በኢታንግና በጂካዎ በኩል ትምህርት ቤትም መንገድም ውሃ ይውጠዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ያደገ ልጅ «ለሐሙስ ዛሬ ተዘጋጅ» ሲባል ሐሙስ መኖሩን ማን ዋስ ይሁነው?

ይህ ሐሳብ በሙከራም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ፣ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የወጣ ጥናት 28 ሕፃናትን ለሁለት ከፈለ። ለአንዱ ቡድን አዋቂው የተሻለ የስዕል ዕቃ አመጣለሁ ብሎ አመጣ፤ ለሌላው ቃሉን ሳይፈጽም ባዶ እጁን ተመለሰ። ከዚያ ለሁሉም አንድ አንድ ለስላሳ ከረሜላ ቀረበላቸው፤ ሳይበላ የጠበቀ ሁለተኛ ያገኛል። ቃሉ የተጠበቀለት ቡድን በአማካይ 12 ደቂቃ ገደማ ሲታገሥ፣ የተዋሸው ቡድን ትዕግሥት 3 ደቂቃ ላይ አለቀ። ሁለቱም ያው ልጆች ናቸው። የተለየው በፊታቸው የቆመው አዋቂ ነው። ካሜሩን ውስጥ በንሶ ገበሬዎች የአራት ዓመት ልጆች ላይ በተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ተመሳሳይ የመጠበቅ ሙከራ ደግሞ ከአሥሩ ሰባት ያህሉ እስከ መጨረሻው ሲጠብቁ፣ ከጀርመን ልጆች የጠበቁት ከአሥሩ ሦስት አልሞሉም። የአፍሪካ ገጠር ልጅ ራሱን መግታት አያውቅም የሚል ካለ መልሱ ይኸው። ልጅ ራሱን የሚገዛው ዙሪያው ባስለመደውና በሚያምነው ጉዳይ ነው።

የከብቱ ጠባቂ ልጅ ጉዳይም እዚህ ላይ ይፈታል። በረቱ ውስጥ የሚያስታውሰው ነገር ሁሉ ከጭንቅላቱ ውጭ ተሰቅሎለታል። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሰዓቱን ትነግረዋለች። ጥጃው ሲርበው ይጮኻል። ባዶው ካስማ ላሟ እንዳልመጣች ያሳብቃል። ታላቅ ወንድሙ አጠገቡ ነው። ስህተቱን እዚያው ያየዋል፤ እዚያው ያርመዋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኑዌሮችን ያጠናው እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድም የቀኑ ሰዓት የሚቆጠረው በከብት ሥራ ቅደም ተከተል መሆኑን ጽፏል። የቤት ሥራ ግን አይጮኽም። ጠዋት የተሰጠ ትእዛዝ ማታ የሚያስታውሰው ድምፅ የለውም፤ ውጤቱም የሚታወቀው ከቀናት ወይም ከወራት በኋላ ነው። ትምህርት ቤቱ ካስማዎቹን ነቅሎ ልጁን ባዶ ሜዳ ላይ ያቆመዋል፣ መንገድ ሲስትም ሰነፍ ይለዋል።

ወደ ሁለተኛው እግር፣ ወደ ዱላው እንለፍ። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» እየተባለ የኖረበት አገር ነው። ሕጉ ግን ከተረቱ ከተለየ ቆይቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት አካልን ከሚጎዳ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሕጉን ላልፈራ ማስረጃው አለ። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ በሁለት የግል ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 63 ሕፃናትን እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አወዳድሯል፤ አንዱ ትምህርት ቤት በዱላ የሚቀጣ፣ ሌላው በተግሣጽና ከክፍል ውጭ በማቆየት የሚያርም ነበር። ራስን የመምራት ችሎታቸው ሲለካ በመዋዕለ ሕፃናት ደረጃ ያን ያህል ልዩነት አልታየም። አንደኛ ክፍል ላይ ግን የሚገረፉት ከማይገረፉት ጎልቶ በሚታይ ልዩነት ወደኋላ ቀርተው ተገኙ። አንድ ጥናት ሁሉን አይደመድም፤ ናሙናውም ትንሽ ነው። ይሁንና የሚያመለክተው አቅጣጫ ግልጽ ነው፤ ዱላው ሊያጠነክረው የታሰበውን ችሎታ ራሱን ያዳክማል። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። የፈራ ልጅ ሐሳቡ ዱላው ላይ ነው፤ በሰሌዳው ላይ ለተጻፈው ቦታ አይተርፈውም። መታዘዝን ይማር ይሆናል፣ ማቀድን ግን አይማርም።

«እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ሰው የሆኑት ናቸው። አራተኛ ክፍል ላይ ሰነፍ ተብለው ከብት ጥበቃ፣ ቀን ሥራ ወይም ጋብቻ የወሰዳቸው ለምስክርነት አይጠሩም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ በመላ አገሪቱ ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመትም 3.2 በመቶ። ይህ ውጤት ብዙ ምክንያት አለው፤ የሰሜኑ ጦርነትም፣ የመጽሐፍ እጥረቱም፣ የመምህራን ዝግጅትም ይነሳሉ። ዱላና «ወላጅ አምጣ» ግን ትውልድን በሥርዓት ያስጠናሉ ከተባለ፣ የተጠናው የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው እግር ከሁለቱ የረቀቀ ነው፤ ብዙ ቅን ሰዎችም ይጋሩታል። «ትልቅ ልጅ ነው፤ ራሱ ያስታውስ። ዛሬ ብናስታውሰው ነገስ ማን ያስታውሰዋል?» ይላሉ።

ከቦሌ ተነስቶ ጋምቤላ የሚያርፈውን አውሮፕላን የሚያበር ካፒቴን ብዙ ሺህ ሰዓት በርሯል። ሆኖም ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የሚፈጸሙት ነገሮች ከዝርዝር ይነበባሉ፤ ከእሱና ከረዳቱ አንዱ ሲያነብ ሌላው ይመልሳል። ይህ ልማድ የመጣው ከአደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935፣ ኦክቶበር ማብቂያ ላይ፣ የቦይንግ ኩባንያ አዲስ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ኦሃዮ ውስጥ ሲሞከር እንደተነሳ ወደቀ፤ ሁለት አብራሪዎችም ሞቱ። ከአገሪቱ ምርጥ አብራሪዎች መካከል ነበሩ። የረሱት አንዲት ማሰሪያ መፍታት ነበር። ከዚያ ወዲህ የተወሰነው «አብራሪ ይበልጥ ያስታውስ» ተብሎ አልነበረም፤ ዝርዝሩ ወረቀት ላይ ወጣ። ዛሬ ካፒቴኑን ሞላቃ ነው፣ ራሱን አልቻለም የሚል ተሳፋሪ የለም። ለሠለጠነ ሰው የተፈቀደው ድጋፍ ለአሥር ዓመት ልጅ ሲሆን ለምን ነውር ይሆናል?

በኛው አገርም ድጋፉ አለ፤ የተሰጠው ለሚከፍል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ የግል ትምህርት ቤቶች መምህሩ የዕለቱን የቤት ሥራ በኮሙኒኬሽን ደብተር ጽፎ ይልካል፤ ወላጅ ማታ አይቶ ይፈርማል። እነዚያን ልጆች እናትና አባት፣ ሞግዚት፣ አስጠኚ፣ የግድግዳ ሰዓትና መብራት በየፊናቸው ያስታውሷቸዋል። ከዚያ ውጤቱ ሲመጣ «ጎበዝ ልጅ» ይባላሉ። የጋምቤላው ልጅ ያ ሁሉ ሳይኖረው ብቻውን ሲረሳ ደግሞ ሰነፍ። አንዱን ልጅ አሥር ሰው እያስታወሰው፣ ሌላውን ማንም ሳያስታውሰው የሁለቱን ባሕርይ ማወዳደር ፍትሕ የለውም።

ድጋፍ ጥገኛ ያደርጋል የሚለው ስጋት ግን ከነአካቴው ባዶ አይደለም። የልጁን የቤት ሥራ ራሱ የሚሠራ ወላጅ በእርግጥ ይጎዳዋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሥራው የልጁ ይሁን፣ ማስታወሻው የአዋቂው ይሁን። ማስታወሻውም ለዘለዓለም አይቀመጥም። በመጀመሪያው ወር መምህሩ ይጽፋሉ፣ ልጁ ይገለብጣል። ቀጥሎ ልጁ ይጽፋል፣ መምህሩ ያያሉ። በኋላ የዴስክ ጓደኛው ብቻ ያየዋል። ልጁ እየጠና ሲሄድ ካስማው አንድ በአንድ ይነቀላል፤ ሲላላ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ጋምቤላ ውስጥ በምን አቅም ይሠራል? የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። ክፍሉ ጢም ብሏል፤ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ብዙ ቤት መብራት የለም፤ ብዙ ወላጅ ማንበብ አይችልም። ነገር ግን የሚያስፈልገው ነገር ባለሙያም በጀትም የሚጠይቅ አይደለም። የመጀመሪያው የሰሌዳው አንድ ማዕዘን ነው። ዘወትር አንዱ ማዕዘን ለቤት ሥራ ይተውና ትእዛዙ በአጭሩ፣ ከሚመለስበት ቀን ጋር ይጻፍበት። የክፍለ ጊዜው የመጨረሻ አምስት ደቂቃ ለመገልበጫ ይቆይ፤ ደወሉ ከተደወለ በኋላ እየጮኹ የቤት ሥራ መስጠት ይቅር። ከዚያ እያንዳንዱ የጎረቤቱን ደብተር ይይ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በየትምህርት ቤቱ ተዘርግቶ የነበረው አንድ ለአምስት የተባለው የተማሪዎች አደረጃጀት ለሪፖርት ከመዋል ተርፎ ለዚህ ቢውል ኖሮ ስሙ ዛሬ በሌላ ይነሳ ነበር። አምስት ልጆች ከመለያየታቸው በፊት «ጻፍክ? መቼ ነው የሚመለሰው?» ለመባባል አንድ ደቂቃ ይበቃቸዋል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ማንበብ የማትችል እናት ከሁሉ የሚጠቅመውን ማድረግ ትችላለች። «ዛሬ የተጻፈውን አሳየኝ» ብላ አዲሱን ጽሑፍ በዓይኗ ታያለች። «መቼ ልትሠራው ነው?» ትላለች። መልሱ «በኋላ» ከሆነ አትቀበለውም፤ «ጥጃው እንደታሰረ» ወይም «ጄሪካኑን ሞልቼ እንደመጣሁ» እስኪላት ትጠብቃለች። ጀርመን ውስጥ ፒተር ጎልዊትዘርና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ሙከራ፣ በበዓል ሰሞን አንድ ጽሑፍ ጽፈው እንዲልኩ ከተጠየቁ ተማሪዎች መካከል የት ሆነውና መቼ እንደሚጽፉት አስቀድመው የወሰኑት፣ ካልወሰኑት ጋር ሲነጻጸሩ የፈጸሙት ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። ሁሉም የመጻፍ ፈቃድ ነበራቸው። የለያያቸው ሐሳቡ ከጊዜና ከቦታ ጋር መታሰሩ ነው። ጥጃው ሲታሰር ማየት ለጋምቤላ ልጅ ከማንኛውም ሰዓት የበለጠ ደወል ነው፤ ብርሃኑም ገና አልጠፋም።

ቦርሳው ወይም ፌስታሉ በር ላይ ከተመታ ሚስማር ይንጠልጠል፤ ደብተር ተጽፎ እንዳለቀ መሬት ሳይነካ እዚያው ይግባ። አሥሩ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ከብዶት የሚሸሽ ልጅ ሦስቱን ሠርቶ ያሳይ፣ ውሃ ጠጥቶ ይመለስ፣ ሌላ ሦስት ይሥራ። ሲያስረክብ መምህሩ ያን ዕለት «አመጣህ፣ ጎበዝ» ይበሉት። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ በሴሚስተሩ መጨረሻ የሚሰጥ ሽልማት በጣም ሩቅ ነው።

ይህ ተደርጎለትም የማይለወጥ ልጅ ይኖራል። አንዳንዱ በትክክል መነጽር ያስፈልገዋል፤ አንዳንዱ አይሰማም፤ አንዳንዱ ቁርስ ሳይበላ ይመጣል፤ አንዳንዱ ያየውን ግድያ ለማንም አልተናገረም። አንዳንዱ ደግሞ በእርግጥ መሥራት ያልፈለገ ይሆናል። ማንኛው ማን እንደሆነ የሚለየው ግን ካስማው ከተተከለ በኋላ ነው። ሳይተክሉ መፍረድ ልጁን ሳይመረምሩ መድኃኒት እንደማዘዝ ነው፤ የታዘዘውም መድኃኒት ዱላ ከሆነ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

«ሰነፍ» የሚለው ቃል ከሮስተርና ከወላጅ ስብሰባ ይውጣ። በምትኩ መምህሩ ስለ ልጁ የሚያውቁት ነገር ይጻፍ፦ የቤት ሥራ ይሠራል ግን ማስረከብ ይረሳል፤ ይጀምራል ግን አይጨርስም፤ በቃል የተነገረውን አይዝም፣ የተጻፈለትን ይሠራል። እነዚህ ሦስት የተለያዩ ልጆች ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸውም የተለያየ ነው። የክልሉ ትምህርት ቢሮና የየወረዳው ጽሕፈት ቤቶች ከአዲሱ መስከረም ጀምረው የሰሌዳውን ማዕዘንና የመጨረሻዋን አምስት ደቂቃ የሁሉም ክፍል ሥርዓት ቢያደርጉ አንድ ብር አያወጡም። መምህራንም መመሪያ እስኪወርድ መጠበቅ አይኖርባቸውም። ነገ ጠዋት «ደብተርህስ?» ብለው ከመጠየቃቸው በፊት ዛሬ፣ ልጁ የቤት ሥራውን ሳይገለብጥ እንዳይወጣ፣ ደወሉ እስኪደወል አብረውት ይቁሙ።